ጉንዳን ነበር ያልኩት ሸረሪት

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ባሕር ዳር ዳርቻ ዘንዘልማ ካለው ቤቴ ጓሮ አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ወጣት አስተማሪ ሀና ስልኳን ይዛ መጣች። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ገመዱ ላይ ያየችውን ተባይ ፎቶ አንስታ ነው።

"እትዬ ነጂማ፣ እስቲ ይቺን ጉንዳን ይዩልኝ" አለችኝ። "ጣቴን ሳስጠጋባት ዞር ብላ አየችኝ። እውነቴን ነው፣ ዐይን ለዐይን ተያየን።"

መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ "ጉንዳን አይደለም፣ ሸረሪት ነው። ወንዱ ነው" አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሳድጋ እግሮቹን ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ስድስት ብላ፣ ሰባት ብላ፣ ስምንት ስትል እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ማድ ቤት ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው የሚጠብቅብኝ በረንዳ ላይ ሆኜ የልጅ ልጆቼን እንዳጫውት ነው። እኔ ግን የተጠረገ ግቢ እንደገና እጠርጋለሁ፣ ሱቅ ወጥቼ የወጣሁበትን ረስቼ እመለሳለሁ፣ ባጃጅ ጠርቼ "ወዴት ነው?" ሲለኝ "ተወው" እለዋለሁ። አርባ ዓመት ያለፈውን ነገር አንዲት የተከራይ ልጅ በስልክ አምጥታ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። ነገሩን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴም ሳይሰማው ነው የሞተው።

ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነበርኩ፤ ልመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። አባቴ ከገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ተመራቂ በዕጣ እየተመደበ አገር ላገር በሚበተንበት ጊዜ አባቴ ቃሉን ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል፤ ዕጣዬ ሩቅ ከወጣ አልሄድም፣ ሱቅ እቀመጣለሁ። ሱቅ መቀመጥ ማለት ለእኔ በሜትር እንጨት እየለኩ መሞት ማለት ነበር። መውጫ በር ሆኖ የታየኝ አንድ ብቻ ነበር። የእንስሳት መምህራችን መምህር ጌታሁን ክረምቱን ለጥናታቸው ሁለት ተማሪ ይዘው ሊሠሩ፣ መስከረም ላይ ከሁለቱ አንዱን የቤተ ሙከራ ረዳት አድርገው ሊያስቀሩ ነበር። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላው ይባቤ ነው።

ይባቤ ዲያቆን ነበር። አባቱ ከሐይቁ ዳር ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ከከተማው በታንኳ ሲቀዘፍ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እሳቸውም ለልጃቸው የሰጡት ቀጠሮ እንደ አባቴ ነው፤ እስከ መስቀል ሥራ ካልያዘ ወደ ቅኔ ቤት ይመለሳል። ይባቤ ቅኔውን አልጠላም፤ ግን ተባይ ነበር የሚወደው። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ልጅ ስለነበር እኛ ሳምንት የምንለፋበትን የላቲን ስም አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዘዋል። ቅጠል ገልብጦ አንድ ነገር ሲያገኝ "ደኅና ዋልሽ?" ይላታል። እኔ እስቅበታለሁ፤ እሱም ይስቃል፤ ግን ሰላምታውን አይተውም።

መምህር ጌታሁን የሚያጠኑት ዘላይ ሸረሪቶችን ነበር። እነዚህ ድር ዘርግተው መሀል ላይ ተጎልተው የሚጠብቁ አይደሉም፤ እንደ ድመት አድብተው፣ ለክተው፣ ዘለው የሚይዙ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ሳይንሱ ሚርማራክኔ የሚለው አንድ ወገን አለ። እኛ "ጉንዳኔ" እንለው ነበር፤ ለነገሩ ከዚህ የተሻለ ስም ያለው አይመስለኝም። ይህ ሸረሪት ሰውነቱ ቀጥኖ፣ ወገቡ ሰርጉዶ፣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ቁርጥ ጉንዳን ነው። ሸረሪት ስምንት እግር አለው፣ ጉንዳን ስድስት እግርና ሁለት አንቴና። ይኸኛው ታዲያ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ከፍ አድርጎ እንደ አንቴና ያወዛውዛቸዋል፤ በቀሩት ስድስት ይሄዳል። አካሄዱም የጉንዳን ነው፤ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ይቆማል፣ ይቸኩላል። ጉንዳን መብላት የማትወድ ወፍ አይታው ታልፋለች። የሚጋለጠው በዐይኑ ነው። ግንባሩ ላይ አራት ዐይኖች ተደርድረዋል፤ የመሀሎቹ ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ትልልቅ ናቸው። ጣትህን ስታስጠጋ ዞሮ ያይሃል። ጉንዳን ዞሮ ሰው አያይም።

ሴቶቹን አግኝተናል፤ ቅጠል ሥር ነጭ የሐር ድንኳን ሠርተው እንቁላላቸውን ሲጠብቁ ከነድንኳናቸው አምጥተናቸዋል። የጠፋው ወንዱ ነው። የወንዱ መንጋጋ ወደፊት ወጥቶ የራሱን ያህል ይረዝማል፤ ሲሄድ ያየው ሰው አንድ ጉንዳን ሌላ ጉንዳን ተሸክሞ የሚሄድ ይመስለዋል። መምህር ጌታሁን እንደሚሉት ደግሞ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው ምልክት አብዛኛው ያለው በወንዱ ላይ ነው። "ወንዱን ያመጣልኝ ሰው ጥናቴን ጨረሰልኝ ማለት ነው" አሉን አንድ ቀን። ይባቤና እኔ አልተያየንም። ሁለታችንም ግን ምን እንደተባለ ገብቶናል።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ከአባቴ ሱቅ ሁለት ሜትር አቡጀዲ አስቀድጄ አምጥቻለሁ። እሱን ከቁጥቋጦ ሥር እንዘረጋና አንዳችን ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ እናደርጋለን። ነጩ ጨርቅ ላይ የሚዘንበውን በውኃ በራሰ ብሩሽ አንስተን በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ እንከታለን። ብልቃጡ አልኮል መያዝ አለበት። የኮሌጁ አልኮል ሐምሌ ሳያልቅ አለቀ። መምህሩ ትንሽ አሰቡና "ዳግም አረቄ ይሠራል" አሉ፤ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ እሳት ሲያስጠጉት የሚነደውን ማለታቸው ነው። እኔ የሙስሊም ነጋዴ ልጅ አረቄ ቤት በር ላይ ልታይ አልችልም። ስለዚህ የሚገዛው ዲያቆኑ ሆነ። "ዛሬ ደግሞ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን?" እያለ ጠርሙሱን በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ይመጣ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ይባቤ ለቅዳሴው ወደ አባቱ ደብር ሄደ። ሴት ወደማይገባበት ወደዚያ የቤተ ክርስቲያን ደን ገብቶ መፈለግ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ከቅዳሴ ሲወጣ እህል ሳይቀምስ ቁጥቋጦ ሲመታ ይቆይና፣ አሥር ሰዓት ገደማ የዕለቱን ብልቃጦች በታንኳ ያመጣልኛል። እኔ በከተማው በኩል፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ጥግ፣ ዋንዛ ሥር ሆኜ እጠብቀዋለሁ። የበቆሎ እሸት ጠብሼ በጨርቅ ጠቅልዬ እይዝለታለሁ፤ እዚያው ቆሞ፣ ቁልቁል ከግንባሩ ዝናብ እየተንጠባጠበ ይበላል። ሐይቁ በዚያ ወር ጭቃ ይሆናል። ደንገሉ፣ እርጥብ አፈሩ፣ የተጠበሰው በቆሎ ሽታ ዛሬም ነሐሴ ሲመጣ አፍንጫዬ ሥር ነው።

አንድ ቀን ገና ታንኳው ሳይጠጋ እጁን ከፍ አድርጎ መጣ። የያዘው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር።

"ወንዱ ነው" አለኝ። "ስምንት ቆጥሬአለሁ። ነገ ራሴ እመጣለሁ፤ አሁን ግን ማኅሌት አለብኝ፣ አባቴ ይጠብቁኛል። ዛሬውኑ ለመምህር አድርሽልኝ።"

በቆሎውን እንኳ ሳይቀበለኝ ተመለሰ። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ስምንት እግር። ያ ረጅም መንጋጋ፣ ጉንዳን የተሸከመ የሚመስለው። እነዚያ ሁለት የግንባር ዐይኖች። እንደገና ቆጠርኩ። የተሰማኝን ደስታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ደስታ ግን አልነበረም፤ ቅናት ነበር።

ከሐይቁ ዳር ስወጣ መንገዱ ወደ ግራ ወደ ኮሌጁ፣ ወደ ቀኝ ወደ ቤታችን ይሄዳል። ቤታችን ዛሬ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ በሚባለው ነበር። መምህሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሯቸው ይቆያሉ፤ እደርስባቸው ነበር። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ሐሳቤ መስረቅ አልነበረም፤ ያገኘው እሱ መሆኑን እናገራለሁ። ግን ጠዋት በብርሃን አሳምሬ ሥዬ፣ እያንዳንዱን ክፍል ስም ሰጥቼ፣ ብልቃጡን ከነሥዕሉ ጠረጴዛቸው ላይ ባኖር መምህሩ ማንን ይመርጣሉ? ያገኘውን ልጅ ነው ወይስ ያወቀችውን?

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጀመርኩ። ወገቡን ሣልኩ፣ ስምንቱን እግሮች ሣልኩ። ለዐይኖቹ የሚሆን ቀጭን እርሳስ ስላልነበረኝ አባቴ ሱቅ ሮጥኩ። ሄጄ ስመለስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ብልቃጡ ታጥቦ፣ አፉ ተደፍቶ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ይደርቃል።

እናቴ ክንዷን እስከ ክርኗ ሰብስባ ቆማለች። "አረቄ እኔ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?" አለችኝ። "ክፍልሽን ልጠርግ ገብቼ ሸተተኝ። ጎረቤት ቢሰማ ምን እንባላለን? ደግሞ ጉንዳን ሞቶበታል። ደፋሁት።"

"የት ደፋሽው?"

"ቦዩ ውስጥ ነዋ። የት እንድደፋው ነበር?"

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቦዩ ድፍርስ ውኃ ይዞ ይጋልባል። የዱቄት ወንፊቱን ይዤ ወረድኩና ከበራችን እስከ መንገዱ ድረስ ጭቃውን ነፋሁት። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ለአረቄ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አለች። ወላሂ አይደለም ብል አላመነችኝም። እስክትሞት ድረስ በዚያ ጉዳይ እንደጠረጠረችኝ ነው። በእሷ ግን ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ ሙስሊም ቤት አረቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ኮሌጅ ስደርስ ይባቤ ቀድሞኝ ደርሷል። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱ አብርቶ፣ ለመምህሩ እየነገራቸው ነው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"የታለ?" አሉ መምህር ጌታሁን።

የጀመርኩት ሥዕል ያለበት ደብተር ብብቴ ሥር ነበር። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቤት ለምን ወሰድሽው ይሉኛል። አፌ ላይ የመጣው የእናቴ ቃል ነበር።

"ጉንዳን ነበር፣ መምህር" አልኩ። "እግሩን ቆጥሬዋለሁ፣ ስድስት ነው። የተሸከመውም ሌላ ጉንዳን ነው። ደፋሁት።"

መምህሩ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። "አይዞህ ዲያቆን፣ ወፍ የሚያታልል ነገር አንተን ቢያታልል ምን ይገርማል? ጾሙም አለ" አሉት።

ይባቤ እኔን አየኝ። ይጮህብኛል፣ ይከራከረኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢከራከረኝ እሸነፍ ነበር። እሱ ግን ያየኝ እንደሚለምን ሰው ነው። "ስምንት የቆጠርሁ መስሎኝ ነበር" አለ። ቀጥሎም "እሷ ካየችው እንግዲህ ስድስት ነው" አለ።

ያን ዕለት ሥዕሉን ቀድጄ በዚያው ቦይ ሰደድኩት። ፍልሰታ እስኪፈታ ይባቤ ያንን ደን ቁጥቋጦ በቁጥቋጦ መታው፤ ወንዱ ሁለተኛ አልተገኘም። እኔን የጎዳኝ ግን እሱ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚያመጣውን ብልቃጥ ሁሉ፣ ማንም የሚያውቀውን ተራውን የቤት ሸረሪት እንኳ ሳይቀር፣ "አንቺ እይልኝ" እያለ ይሰጠኝ ጀመር። ሰላምታውንም ተወ። ቅጠል ገልብጦ ዝም ብሎ ያያል፤ ከዚያ ይጠራኛል።

መስከረም ላይ ረዳትነቱ ለእኔ ሆነ። ይባቤ እጄን ጨብጦ "ይገባሻል፣ ዐይን አለሽ" አለኝ። የምሩን ነበር። መስቀል ሳይደርስ ወደ አባቱ ሄደ። መምህር ጌታሁን ጥናታቸውን በሴቷ ብቻ ጽፈው ጨረሱ፤ ወንዱ አልተገኘም የሚል አንድ መስመር ጨመሩበት። ያን መስመር በእጄ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ይባቤ የምሰማው ወረታ ሩዝ ከሚነግደው ያጎቴ ልጅ ነበር። ይፋግ አጠገብ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ሆኗል፣ ከሩቅ አገር ተማሪ ይመጣለታል፣ የተከበረ ሰው ነው ይለኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቀለል ይል ነበር። ምን ጎደለበት? እላለሁ። ከእኔ ቤተ ሙከራ የእሱ ጉባኤ አይበልጥም? እላለሁ። አርባ ዓመት ያስተኛኝ ይህ ነው።

ሀና እግሩን ከቆጠረች በኋላ ግን አላስተኛኝም። ወደ ይፋግ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ሲሉኝ በግቢው ስዞር ሰነበትኩ፤ ተከፈተ ሲሉኝ ቦርሳዬን አንስቼ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሦስቴ ወርጄ ሦስቴ ተሳፈርኩ፤ ረዳቱ "እማማ፣ ይሄዳሉ ወይስ ይቀራሉ?" አለኝ። ከወረታ በኋላ የሩዙ ማሳ ግራ ቀኙን ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮቱን ከፍቼ አየው ነበር። የምናገረውን ስደረድር ነው የደረስኩት።

ከደብሩ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የተማሪዎቹ ጎጆ እዚያው ነው፤ ጉባኤው ዛፍ ሥር ነው። አንድ ተማሪ "የኔታ፣ በዐይኔ አይቼዋለሁ፣ መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው ያለው" ብሎ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል።

"ዐይንህን እንዲህ አትመነው" አለ አንድ ድምፅ። ጎርነን ብሏል እንጂ የይባቤ ነው። "እኔ በአንተ ዕድሜ፣ ምናልባት ትንሽ ከፍ ብዬ፣ አንድ ተባይ ይዤ ስምንት እግር ቆጠርሁ። በፀሐይ ቆጠርሁ፣ በአጉሊ መነጽር ቆጠርሁ። ከእኔ የምትሻል ልጅ ብትቆጥረው ስድስት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ 'አየሁ' ከማለቴ በፊት ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። አንተም ሂድና ጠይቅ።"

ተማሪው "እሺ የኔታ" ብሎ ተነሳ።

አንዱን ልጅ ልኬ አስጠራሁት። ጥምጥም አድርጎ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ መቋሚያውን ይዞ መጣ። አንተ ማለት አቃተኝና "እንደምን ዋሉ" አልኩት።

"ነጂማ? እኔን ነው 'ዋሉ' የምትይው?" ብሎ ሳቀ።

እንድቀመጥ ቢለምነኝ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኩት። ስምንት ነበር፣ ወንዱ ነበር፣ ቤት ወሰድኩት፣ እናቴ ደፋችው፣ እኔ ዋሸሁ። በመንገድ የደረደርኩት ሁሉ በአምስት ዐረፍተ ነገር አለቀ።

ይባቤ መቋሚያውን ብብቱ ሥር አደረገ። ከዚያ ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። "በዚህ አራት፣ በዚህ አራት" አለ። "ታንኳው ላይ ሆኜ ሰባት ጊዜ ነው የቆጠርሁት።"

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ሥራውንስ እግዜር ሌላ ሰጠኝ፤ በእሱ አልቀየምሽም።" ወደ ዛፉ ዞረ። ተማሪዎቹ አንዳንዱ ቁጭ ብሎ፣ አንዳንዱ ተጋድሞ የየራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ያ የተከራከረው ልጅ ከአንድ ታላቁ ፊት ቆሞ እየጠየቀ ነው። ይባቤ እሱን ሲያይ ቆየና "ይህን ነገር በየዓመቱ ለገባው ሁሉ ነግሬአለሁ" አለኝ። "ተምረው ወጥተው በየደብሩ የሚያስተምሩ አሉ። እነሱም ይነግሩታል። አሁን ለእነዚህ ልጆች ምን ልበላቸው?"

የመጣሁት ለቁጣም ለይቅርታም ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። አርባ ዓመት ሙሉ በደሌን ስለካው የኖርኩት አንድ ሰው ባጣው ሥራ ነው፤ የእኔ ውሸት ደቀ መዝሙር አፍርቶ፣ ትክክል ያየን ልጅ ጭምር ከመቀመጫው እያስነሳ እንደኖረ አላውቅም ነበር።

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ስልክ ቁጥር ተለዋውጠን ነበር፤ አልደወለም። ጠዋት ስነሳ ያ ልጅ፣ መጽሐፉ ላይ ያየውን ምናልባት በትክክል ያየው ልጅ፣ ትዝ ይለኛል። እሱን እንኳ ጠርቶ ነግሮት ይሆን? ደውዬ ልጠይቀው ስልኩን አነሳለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ ግቢውን ልጠርግ እወጣለሁ።